ለቃለ መጠይቅ የተሰፋ ኮት

መስከረም 20

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

እንዴት ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ ናፍቆት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በቀን ስምንት ሰዓት የሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ስለምውል ጊዜ አያገኝም።

ዛሬ የምጽፍልዎት ለወሬ አይደለም። እዚህ አንድ ትልቅ የልብስ መደብር አለ። ከጓሮው በኩል ደግሞ ሰዎች የገዙት ሱሪ ሲረዝም የሚያሳጥሩበት፣ ኮት ሲጠብ የሚያሰፉበት ክፍል አለ። ስድስት ሰፊዎች ይሠሩበታል፤ አንዷ ጡረታ ወጣችና ሰው እንፈልጋለን ብለው ለጠፉ። እኔም አመለከትኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፃቸውን አጥፍተው ከረሙና ኅዳር 15 ቀን ጠዋት በአራት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ነይ አሉኝ። አጎቴ ይሙቱ፣ ወረቀቱን አምስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። የሆቴሉ ሥራ በኅዳር መጨረሻ ያልቃል። ሥራ ከሌለኝ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቴን አያድሱልኝም። ይህን ካጣሁ ሻንጣዬን ጎትቼ መምጣቴ ነው።

ታዲያ ምን ልልበስ? ሌላ ሥራ ቢሆን ያገኘሁትን ጣል አድርጌ እሄድ ነበር። ይሄ ግን የልብስ ሰፊ ፈተና ነው። እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ፊቴን አይደለም የሚያዩት፣ ጠርዜን ነው። አብራኝ የምትኖረው ነርስ “ቀዩን ቀሚሴን ልበሺ፣ ፊትሽን ያበራዋል” ትለኛለች። ልቧ ደግ ነው፤ ቀሚሷ ግን ጎኑ ላይ ስፌቱ ተጨማዷል። ያን ካየሁ ወዲህ ከእሷ ጋር ስናወራ ዓይኔ እዚያው ነው የሚውለው። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 2

ለድምቡሼ፣ ካለችበት ይድረስ፣

ሰላምታዬ ከእኔ መደብ እስከ አንቺ በር ድረስ ይዘርጋ፣ ከነገበሩ። ወገቤን ጠይቀሽኛል። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ወገብ ምን ሊሆን ኖሯል? አለ። ሥራ ሞልቷል፤ ሰው ነው የጠፋው።

እንዲያው አታፍሪም፣ “ምን ልልበስ” ብለሽ ስትጽፊልኝ? የአገሩን ዳኛና የአገሩን ሌባ እኩል አልብሼ ችሎት የላክሁ አጎት እያለሽ! ነርሷን በአክብሮት ሰላም በይልኝ፤ ቀዩን ቀሚስ ግን የራሷን ፊት ታብራበት።

ኮት ነው የምትለብሺው። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ኮት፣ ከጉልበት ዝቅ ካለ ጉርድ ጋር። ጥቁር አይሆንም፤ ጥቁር ለብሰሽ ከገባሽ ሰዎቹ ማን ሞቶብሽ ነው ብለው ሲያዝኑ ጥያቄውን ይረሱታል። ቡኒም አይሆንም፤ ቡኒ የለበሰ ሰው ከወንበሩ ጋር ስለሚመሳሰል ቆልፈውብሽ ይወጣሉ። እናትሽ “ነጭ ትልበስ፣ ንጹሕ ልጅ መሆኗ ይታወቅ” ትላለች። (አዎ ነገርኳት። ከእህቴ የምደብቀው ነገር የለኝም፣ ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ግን ትንፍሽ አላልኩም።) “እሷ የምትሄደው ሥራ ልትቀጠር ነው፣ ልትዳር አይደለም” ብያት ተኳርፈናል።

የምሰፋልሽ እኔ ነኝ። ለራሴ ብዬ ያስቀመጥኩት ጨርቅ አለ፣ ላንቺ ይሁን። ልክሽን ላኪልኝ፤ ቁጥር ግን እንዳትልኪብኝ! በቁጥር እንደማልሠራ ታውቂያለሽ። እንደ ቤታችን ወግ በገመድ ይሁን፤ ለትከሻ አንድ ቋጠሮ፣ ለእጅጌ ሁለት፣ ለደረት ሦስት፣ ለወገብ አራት። ሆድሽንም ወደ ውስጥ አትሳቢ። ገመድ ሲዋሽ አውቃለሁ።

አጎትሽ


ጥቅምት 12

ውድ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኝ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝ፤ ጎረቤት አለ ብዬ ተውኩት። ጤናዎን ይስጥልኝ፣ እጅዎን ይባርክልኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ ይስፉልኝ ብዬ ለመጠየቅ አፍሬ ነበር።

ልኬ ይኸው። ገመድ ፈልጌ ቤቱን ባገላብጥ አጣሁ፤ ነርሷ ናት ከሥራዋ ያመጣችውን የቁስል ማሰሪያ ጨርቅ ቆርጣ የሰጠችኝ። እሷው ለካችኝ፣ ቋጠሮውንም እሷ ቋጠረችው። የቋጠረችውን ለመፍታት ሐኪም ያስፈልጋል።

ትናንት ደግሞ መደብሩ ሄጄ ገዢ መስዬ ሰለልኩ። የክፍሉን ኃላፊ አየኋት። ቀጭን ሴትዮ ናት፣ ሜትር እንደ ሐብል አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ የለበሰችው ግን ተራ ግራጫ ሽርጥ ነው። እሷ በሽርጥ፣ እኔ በሙሉ ልብስ! ልትቀጥረኝ ነው ወይስ ልቀጥራት? ግራ ገባኝ። በዚያ ላይ መደብሩ ውስጥ የተዘጋጀ ሰማያዊ ኮት ተሰቅሏል፤ ምናልባት ጊዜ ከጠበበዎት እሱን ብገዛ ይቀየሙኛል?

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደብዳቤዎ አምስት ገጽ ነበር፤ ድሮ አንድ ገጽ ላይ የሚያልቅልዎት ነገር ነው። ፊደሉ ሁሉ አውራ ጣቴን ያክላል። ምነው፣ ደህና ነዎት?

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 23

ለዚያች ለድምቡሼ፣

ጤና ይስጥልኝ ልልሽ ነበር፣ ጤናዬን ግን ወስደሽብኛል።

አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ? ሰባት ዓመት ከእኔ ጎን የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው? የሚሳብ ነገር! በሚሳብ ነገር ልክ ይወሰዳል? እጅጌሽን ብዘረጋው እጅሽ ከጉልበትሽ አልፎ መሬት ይጠርጋል። ደረትሽን ብለካው ሁለት ሰው ይይዛል። ወገብሽ ደግሞ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ አንድ ጊዜ ስስበው የመስኮቱን ስፋት አከለ፣ ስለቀው የመስተዋቱን። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን በሳሙና እንደለወሰ ጥሎ መጥቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አዋረድሽኝ።

የተዘጋጀ ኮት ያልሽውን አላነበብኩትም። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ የሚል መስመር የለም። ጨርሰናል።

ማሰሪያሽን ጣልኩትና በራሴ ቆረጥኩ። ያንቺን ትከሻ እንኳን በገመድ፣ በሕልሜም አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ቀሚስሽን የሰፋሁልሽ መራመድ ሳትጀምሪ ነው። ደረቱ አልቋል፤ ኮሌታው እንዴት እንደተቀመጠ ብታይ ትስሚው ነበር። የሚቀረኝ እጅጌው ብቻ ነው።

ፊደሌ የሰፋው ብዕሩ ወፍራም ስለሆነ ነው። ሰው በብዕር ይታማል?

ይልቅ እዚያ አገር ዓይናቸው ሰፋ ያለ የእጅ መርፌ ካለ አንድ ሁለት ላኪልኝ። ለእኔ አይደለም፣ ለደንበኞች ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 2
(ከኮቱ ጋር አብሮ የታሸገ)

ለእህቴ ልጅ፣

እነሆ ኮትሽ! ከነጉርዱ። ፀሐይ ያውጣልሽ፣ በር ይክፈትልሽ፣ የሚያይሽ ሁሉ ወንበር ይሳብልሽ።

ከካርቶኑ እንዳወጣሽ ስቀዪው እንጂ አትተኩሺው። የታችኛውን ቁልፍ አትቆልፊ። ስትቀመጪ ሳይሆን ስትነሺ ነው የሚያዩሽ፣ ስለዚህ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ገበሩን ሊያዩ ከፈለጉ ሳትጠየቂ ገልብጠሽ አሳዪ፤ ሰው የሚታወቀው በገበሩ ነው ብለሽ ንገሪያቸው።

ምንም ማስተካከል አያስፈልገውም። አንድ ክር ብትነኪበት እቀየምሻለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 3

ውድ አጎቴ፣

በጤና ይቆዩልኝ። ፊት ለፊቴ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ዓይኑን ያጉረጠርጥብኛል፤ አሥራ ሁለት ቀን ቀረኝ፤ ኮቱ የለም። ዛሬ የደረሰኝ የጥቅምት 23 ደብዳቤዎ ነው። ስድቡ በሰላም ደርሷል፣ አንድም አልጎደለም። ስለ ማሰሪያው ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አፈርኩ።

መርፌዎቹን በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ፣ ዓይናቸው ሰፊ ነው። ግን አጎቴ፣ ደንበኛ መርፌ ምን ያደርግለታል? እርስዎ ጋ የሚመጣ ሰው እኮ መርፌ ይዞ አያውቅም፤ ለዚያ ነው የሚመጣው። ክሩን መርፌ ውስጥ ማን ነው የሚያስገባልዎት?

ይህን ሳይመልሱልኝ ሌላ ነገር እንዳይጽፉ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 16

ውድ አጎቴ፣

ለጤናዎ ስጸልይ እውላለሁ። ኮቱ ደርሶኛል። ቃለ መጠይቁ ትናንት ተካሂዷል። ኮቱ በጣም ተደንቋል። ውጤቱን በአሥር ቀን ውስጥ እናሳውቃለን ብለዋል። እግዜር ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 26

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለደብዳቤሽ ግን አይሁን።

አምስት መስመር! ሁለት ወር ሙሉ ስለ አንድ ኮት ስንጨቃጨቅ ከርመን አምስት መስመር! የመብራት ሒሳብ እንኳን ከዚህ ይረዝማል። “ተደንቋል” ትያለሽ። ማን ነው ያደነቀው? የትኛውን? ኮሌታውን ወይስ ኪሱን? ገበሩን አዩት? ሽርጥ የለበሰችዋ ቀጭን ሴትዮ ምን አለች? እጅሽን ዘርግተሽ ሰላም ስትያቸው እጅጌው እንዴት ሆነ?

አንቺ መዋሸት አትችዪም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ቃል ታሳጥሪያለሽ። መስተዋቴን በኳስ የሰበርሽ ቀን “ነፋስ ነው” ብለሽ ሦስት ቀን ሳትናገሪ ከረምሽ።

ፀጉር አስተካካዩ “ምናልባት አልተቀጠረች ይሆናል፣ አታስጨንቃት” ይለኛል። እንደዚያ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ተይው፣ ነይ። ቤትሽ ነው። ግን እውነቱን ጻፊልኝ። እዚህ ሥራ እንቢ ብሎኛል፤ ቁጭ ብዬ ፖስተኛውን ነው የምጠብቀው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 7

ውድ አጎቴ፣

ፈጣሪ ልብዎን ያስፋልኝ፣ ዛሬ ያስፈልግዎታል። ይቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩም ካለ ይቀመጥ።

ተቀጥሬያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎት ቀጥሎ ያለውን ሲያነብቡ ትራስ እንዲሆንልዎት ነው።

ካርቶኑ መምጣቱን የሚናገረው ወረቀት የደረሰኝ ከቃለ መጠይቁ በፊት ባለው ቀን፣ አመሻሽ ላይ ነው። ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። በነጋታው ገና በሩን ሲከፍቱ ገባሁ፣ ካርቶኑን ቀማሁ፣ እዚያው መጸዳጃ ቤት ገብቼ ለበስኩት። አጎቴ፣ ትከሻው! አራት ዓመት ያላዩኝ ሰው ነዎት? የገዛ ቆዳዬ እንኳን እንዲህ አይቀመጥልኝም። ደረቱ፣ ኮሌታው፣ ወገቡ፣ ሁሉም ልክክ አለ። መስተዋቱ ፊት “ይቺ ማን ናት?” አልኩ። አንዲት እጇን የምትታጠብ ሴትዮ “የኔ ልጅ፣ ጠበቃ ነሽ?” አለችኝ። እየተጀነንኩ ወጣሁ።

አውቶቡስ ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ብረቱን ልይዝ እጄን ወደ ፊት ስዘረጋ ኮቱ እንቢ አለ። እንደገና ሞከርኩ፤ መልሶ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ክንዴ በራሱ ጊዜ ወደ ጀርባዬ ይሄዳል። ለካ የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ ተገጥሟል! ክርኑ ወደ ኋላ ነው የሚታጠፈው። ፖሊስ ይዞ እንደሚወስዳት ሴት፣ እጆቼ ወደ ኋላ እንደሆኑ ከአውቶቡስ ወረድኩ። በእጄ ላይ መቀስ የለ፣ መርፌ የለ፣ ሰዓቱ ደግሞ አራት ሊሆን ሩብ ጉዳይ።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አራት ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጨዋ ሆነው ተቀምጠዋል። የእኔ ጉልበቴ ላይ አይደርስም። ኮቱን አውልቄ ልግባ ብዬ አሰብኩ፤ ከሥር የለበስኩት የነርሷን ሸሚዝ ነው፣ እሱ ደግሞ ብብቱ ተተርትሯል።

ስሜ ሲጠራ ገባሁ። ቀጭኗ ኃላፊ አለች፤ ከእሷ ጋር ከሠራተኛ አስተዳደር የመጣ ለስላሳ ወጣት ተቀምጧል። ልጨብጣቸው እጄን ስዘረጋ እጅጌው እስከ ክርኔ ተሰበሰበ። ወጣቱ ምንም አላየም፤ “እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን” አለኝ። ኃላፊዋ ግን ብድግ ብላ ዞረችኝ። አንዴ ዞረችኝ፣ ደገመችኝ።

“ይህን ኮት ማነው የሰፋው?” አለች።

አጎቴ፣ ልዋሽ ነበር። ከሰፈር ገበያ ነው የገዛሁት ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ኮሌታውን ስትዳስሰው አየኋትና አንጀቴ አልችል አለ።

“አጎቴ ናቸው” አልኩ። “ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።” አለቀልኝ ብዬ ነበር።

“ደረቱን የሰፉትና እጅጌውን የገጠሙት አንድ ሰው ናቸው?”

“አዎ።”

መነጽሯን አውልቃ በሽርጧ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። “ዕድሜያቸው ስንት ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። “አውልቂው” አለችና መቀስ፣ መርፌ፣ ክር ከፊቴ ደረደረች። “ለሌሎቹ ከመደብሩ የተበላሸ ልብስ አዘጋጅቼ ነበር። አንቺ የራስሽን ይዘሽ መጥተሻል። እስከ ምሳ ሰዓት አስተካክዪ።”

የተተረተረውን የሸሚዙን ብብት ለመሸፈን ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ ቁጭ አልኩና እጅጌውን ፈታሁት። የጠመኔው ምልክት እንዳለ ነው። ፊትና ኋላው እንዲለይ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጭረት፣ እንዳስተማሩኝ፣ በትክክል አድርገውታል። ምልክቱን ያደረገው እጅዎ ነው፤ ሲገጥሙት ግን አላዩትም። ስፌቱ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል፤ የመርፌው ቀዳዳ ሁሉ ይቆጠራል። ብቻዎን ቁጭ ብለው ሲፈቱና ሲሰፉ ታየኝ። አለቀስኩ። ምን ልደብቅዎት፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ወጣቱ ፈተናው ከብዷት ነው ብሎ ውሃ አመጣልኝ፤ “አይዞሽ፣ ሌላም ሥራ አለ” አለኝ።

በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስኩት። ኃላፊዋ ኮቱን ራሷ ለብሳ ክንዷን እንደ ወፍጮ አዞረችው። ወደ ኋላ አዞረች፣ ወደ ፊት አዞረች። “እዚህ ክፍል የምንውለው የሌላ ሰው ስህተት ስናቃና ነው” አለችኝ። “ግን ሁለተኛ ጨርቅ ላይ እንዳታለቅሺ፣ ያቆሽሸዋል።” በዘጠነኛው ቀን ወረቀት ላኩልኝ። ከታኅሣሥ አንድ ጀምሮ በሥራ ላይ ነኝ፤ የለበስኩትም ግራጫ ሽርጥ ነው።

አጎቴ፣ ከእንግዲህ አልሸፋፍንም። ዓይንዎ አያይም። ብዕሩ ወፍራም ስለሆነ አይደለም፣ መርፌውም ለደንበኛ አይደለም። በእኔ ሞት፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ካልሄዱ ለእናቴ እነግራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚከተል ያውቁታል።

የምትወድዎት የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 30

ለእህቴ ልጅ፣ ለሰፊዋ፣

የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ አይደለም ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ እኔ እናገራለሁ፣ ሰው ይጽፍልኛል። ማን እንደሆነች እነግርሻለሁ፣ አትቸኩዪ። ሰላምታዬ ይድረስሽ። የቀጠረሽን ቤት ፈጣሪ ያቁምልሽ።

ደብዳቤሽን ያነበበልኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው። አውቶቡሱ ጋ ሲደርስ ድምፁን ቀነሰ። “ጮክ በል!” አልኩት። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሱሪውን ሊያስጠብብ የመጣ ደንበኛም አብሮ ሰማ። ደሜ ፈላ። አርባ ዓመት ሠርቼ ግራን ከቀኝ! ሁለት ቀን ማንንም አላናገርኩም። በሦስተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ክንዴን ይዞ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። የዓይን ሞራ ነው አሉኝ፤ ሁለቱንም። ጥር ላይ ይገፍፉልኛል፣ መጀመሪያ የቀኙን። ሐኪሙ “እስካሁን በምን ነበር የምትሰፋው?” አለኝ። “በእጄ” አልኩት። ምን ይለኛል?

አሁን የምነግርሽን ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ዓይኔ ነው ብዬ ብዘጋው ይቀለኝ ነበር፤ አንቺም እንደዚያ ብለሽ ሸፍነሽልኛል። ግን ያን እጅጌ ስገጥም ምን እል እንደነበር ልንገርሽ። “አምላኬ፣ ባትቀጠር” እል ነበር። እንድትመለሺልኝ። ያለ አንቺ ሱቁ አይዘልቅም ብዬ፣ ያንቺን መኪና ጨርቅ አልብሼ፣ ለደንበኛው ሁሉ “ለጥር ትመጣለች” ብዬ አውርቼ ነበር። ኮቱ አምሮብሽ እንድትገቢ ፈለግኩ፤ ገብተሽ ደግሞ እንዳይቀበሉሽ ፈለግኩ። ሁለቱንም ከልቤ። እንግዲህ ግራና ቀኙን ያማታው ዓይኔ ይሁን ልቤ፣ እኔ አላውቅም። ሐኪሙም ይህን አልመረመረም። ይቅር በዪኝ።

(እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። እዚህ ላይ ዓይናቸውን በሜትራቸው ጠረጉ።)

ምን ጻፍሽ? አንብቢልኝ! ... ሰርዢው። አልሰረዘችውም አይደል? ተያት፣ እንዲህ ናት።

ባለፈው ሳምንት “ሰፊ እፈልጋለሁ” ብዬ በሬ ላይ ለጠፍኩ። እኔም ቃለ መጠይቅ አደረግኩ እልሻለሁ፤ ወንበር ጎትቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ። ሦስት ሰዎች መጡ። አንደኛው ስለ ደመወዝ ጠየቀኝ። ሁለተኛዋ ስለ ዕረፍት ቀን ጠየቀችኝ። ሦስተኛዋን እኔ ጠየቅኳት፤ “አንድ ደንበኛ ወፍሮ ኮቱ አልበቃው ቢል፣ መወፈሩን እንዴት ትነግሪዋለሽ?” “አልነግረውም” አለች፣ “ጎኑን ዝም ብዬ አሰፋለታለሁ፤ ልብሱ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል።” እዚያው ቀጠርኳት፤ ይህን የምትጽፍልኝም እሷው ናት። ምን ለብሳ እንደመጣች ብትጠይቂኝ አላውቅም። አላየሁትም።

መኪናሽ ላይ ያለው ጨርቅ ተነሥቷል። ከሰኞ ጀምሮ እሷ ናት የምትሠራባት፤ የመኪናዋ ድምፅ እስከ ፀጉር አስተካካዩ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ቁርጡን እወቂው። ለመጠየቅ ከመጣሽ አልጋ አለሽ፣ ለሥራ ግን አትምጪብኝ። ቦታሽ ተይዟል። እዚያው ኑሪልኝ።

አጎትሽ